ምርቃቱን ውሳኔ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ይህን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ አብረውኝ ለሚሠሩ ሰዎች አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም ቢሆን አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴ ጾም የገደፍኩበትን ቀን ተናግሬአለሁ። ከባሌ እናት ጋር ተኳርፌ ዓመት በዓልን ሳልጠይቃቸው ማሳለፌንም ተናግሬአለሁ። እሳቸው አዳምጠው ስግደት አዘዙኝ፣ ሰገድኩ፣ ቀለለኝ። ይህኛው ግን በየዓመቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። እንግዲህ በላዩ ላይ ውሸትም ተጨምሮበታል ማለት ነው። ስለዚህ እናንተ የምታነቡት ለጊዜው በእሳቸው ቦታ ተቀመጡልኝ።

ያደረግኩት ይህ ነው። አንድ ሽማግሌ ያላሉትን አሉ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ደግሞ እኚሁ ሽማግሌ ሕዝብ ፊት «ምን ነበር ያልኩት?» ብለው ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ። ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱንም ያደረግኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ወደ ታች ስወርድ ሰበብ መደርደር እንደምጀምር ስለማውቅ ነው።

የምሠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ ነውና ስሙ እዚህ ምንም አያደርግም። የኔ ቢሮ ዩኒቨርሲቲውን ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚያገናኝ ነው። ኃላፊ ሲመጣ ተቀብዬ የማስተናግደው፣ ወንበር የማስደረድረው፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚናገር የምወስነው፣ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። የተወለድኩት ዳባት ነው። ይህን ቢሮዬ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ ገበሬ ያለበት ጉዳይ በመጣ ቁጥር «እሷ ትሂድ፣ የአገሩ ልጅ ናት፣ ወጉን ታውቃለች» ይላሉ። ደስ ይለኝ ነበር። እውነትም ወጉን አውቃለሁ። ወጉን ባላውቅ ኖሮ ዛሬ የምናዘዘው ነገር ባልኖረ።

መመሪያውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነገሩ የመጣው አንድ የአፈር መምህራችን፣ የወረዳ ኃላፊ እየተናገሩ ሳለ ተነሥቶ «ይህ ስሕተት ነው» ስላለ ነው። እውነትም ስሕተት ነበር። ኃላፊው ግን ተቀይመው ሄዱ፤ የምንጽፈው ደብዳቤ ሁሉ ለወራት መልስ አጣ። አለቃዬ ጠርቶ «ሠራተኛው ከመንግሥት ኃላፊ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር መመሪያ ይውጣ» አለኝ። ሁለት ሳምንት ተቀምጬ አሥራ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ማን ለማን ስልክ መደወል እንደሚችል፣ ደብዳቤ በማን በኩል እንደሚወጣ፣ ለኃላፊ ምን ስጦታ እንደማይሰጥ፣ ሁሉንም አስገባሁ። አብዛኛው መልካም ነገር ነው፤ አሁንም አላፍርበትም። አንቀጽ ዘጠኝን ግን እነሆ በቃሌ፦ «ማንኛውም ሠራተኛ የመንግሥት ኃላፊ በተገኘበት መድረክ ላይ የተነገረን ወይም የተነበበን ጉዳይ በቦታው ማረም ወይም ማስተባበል አይችልም። ቅሬታ ያለው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለግንኙነት ቢሮው በጽሑፍ ያቀርባል። ቢሮውም አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ለሚመለከተው ክፍል ያስተላልፋል።» የድሮ ሰው ይህንኑ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ ባጭሩ ገላግሎታል። እኔ ግን ያን ጊዜ ኮርቼበት ነበር፤ አስጠርዤ ለየክፍሉ አደልኩት።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። ጋሽ ደምለው ይባላሉ። መንደራቸው ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለች የገብስ አገር ናት። አባቴ መምህር ታከለ ገና በወጣትነቱ እዚያ ሲመደብ ማደሪያ አልነበረውምና ሁለት ዓመት የኖረው በጋሽ ደምለው ግቢ ነው። እንጀራቸውን በልቷል፣ በጋቢያቸው ተኝቷል። አባቴ ሲሞት ጋሽ ደምለው ዳባት ድረስ በበቅሎ መጥተው ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። ከብታቸውም እርሻቸውም እንደ ማንኛውም ሰው ነው። የሳቸው ሀብት ሌላ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሥራም። ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች በሳቸው ቃል ታርቀዋል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወሰን ሲገፋ፣ ሰው ወደ ፖሊስ ከመሄዱ በፊት ወደ እሳቸው ይሄድ ነበር። አንድ ሰው ቃሉ ብቻ ሀብቱ ከሆነ፣ ቃሉን መስረቅ ምን ይባላል? እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለመጻፍ ግን ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።

መንደሩ አንድ መስክ ነበረው። ክረምቱን ጠብቀው፣ ከብት ሳያስገቡበት ሣሩን አሳድገው፣ የገብሱ አጨዳ ካለቀ በኋላ በጋራ የሚያሰማሩበት ነው። በበጋ ወራት ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ከብቱን የሚያተርፈው እሱ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለምርምር ጣቢያ ቦታ ሲፈልግ አንድ የመንግሥት ኃላፊ ይህን መስክ ጠቆሙ። ሕጉ ነዋሪው ይምከርበት ይላል። ስለዚህ ልናወያይ ሄድን። ኃላፊው፣ አለቃዬ፣ እኔና ሁለት ባለሙያዎች ነበርን። ወንበር ከትምህርት ቤቱ አስመጣሁ። ገበሬዎቹ ሣሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። የመጣውን ሰው ስም በአቴንዳንስ ላይ አስፈረምኩ፤ መጻፍ የማይችለው በጣቱ ፈረመ።

ኃላፊው ረጅም ንግግር አደረጉ። ስለ ልማት፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ልጆቻቸው ነገ ተናገሩ። ከዚያ «እንግዲህ ምን ትላላችሁ?» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ደምለው ዞረ። ጋሽ ደምለው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ እንዲህ አሉ። አንድም ቃል አልረሳሁም።

«እንግዲህ ደክማችሁ መጥታችኋል፤ ሰማናችሁ። ያላችሁት ለናንተ መልካም ይሆናል። መስኩ ግን የኔ አይደለም፤ የዚህም ሰው ብቻ አይደለም። ዘመድ ጥየቃ በየዳ የሄደ አለ፣ ሚስቱ ወልዳበት ከቤት የዋለ አለ። እኛ ደግሞ በዋልንበት አንመልስም። እንመክራለን። ጥምቀት ሲያልፍ በማግስቱ ቃል ይዘን እንመጣለን።»

ይኸው ነው። እሺም አላሉም፣ እምቢም አላሉም፤ እንመክራለን ነው ያሉት። በኛ አገር ትልቅ ነገር ሲመጣ ሽማግሌ በዕለቱ አይመልስም። በዕለቱ ከመለሰ እንዳልመከረ ይቆጠራል። ከዚያ ስብሰባው ሊበተን ሲል ሁሉም ተነሣ፤ ጋሽ ደምለው እንደ ወጉ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። «ሰላም ግቡ። መንገዱን ያቅናላችሁ። ክፉ አይንካችሁ። አገሩን አማን ያድርገው» አሉ፤ ሰውም «አሜን፣ አሜን» አለ። ሰው ከተሰበሰበ ሳይመረቅ አይበተንም። ተጣልቶም ቢሆን፣ ተሟግቶም ቢሆን፣ ነገ ፍርድ ቤት ሊገናኝ ቀጠሮ ይዞም ቢሆን ተመርቆ ነው የሚበተነው። እንግዳ ባዶውን አይሸኝም። ይህን የዳባት ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬ ገብቼ ቃለ ጉባኤውን መተየብ ጀመርኩ። የጻፍኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ትክክል ነበር፤ «ነዋሪዎቹ መክረው መልስ እንደሚሰጡ ገልጸዋል» ይላል። ያኔ ስልኬ ጮኸ። ኃላፊው ናቸው። በደህና ሰው ድምፅ፣ በጨዋታ ዓይነት፣ «እህቴ፣ አንቺ እንኳ የአገሩ ልጅ ነሽ። ሽማግሌው መርቀው አይደለም እንዴ የሸኙን?» አሉኝ።

«መርቀዋል» አልኩ።

«እንግዲያ እሱኑ ጻፊዋ።»

ይኸው ነው። ጻፊ አሉኝ እንጂ ዋሺ አላሉኝም። «አይ፣ ምርቃቱ መሸኛ ነው፣ ውሳኔው ከጥምቀት በኋላ ነው» ለማለት የሚያስፈልገኝ ጊዜ ቡና ከመጠጣት ያነሰ ነበር። አላልኩም። ለምን አላልኩም? ፈርቼ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ፍርሃት ይታዘንለታል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው። ትልቅ ሰው ራሱ ደውሎ «የአገሩ ልጅ ነሽ» አለኝ፤ ወጉን የማውቅ እኔ ነኝ፣ ወጉን የምተረጉም እኔ ነኝ። ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር አጠፋሁና በምትኩ «የአካባቢው ነዋሪዎች በአገር ሽማግሌያቸው በአቶ ደምለው አማካይነት ዕቅዱን መርቀው አጽድቀዋል» ብዬ ጻፍኩ። አቴንዳንሱን ከኋላው አያይዤ በስቴፕለር መታሁት። መጥተናል ብለው የፈረሙት ሁሉ ተስማምተናል ብለው የፈረሙ ሆኑ። አለቃዬ አንብቦ «ግሩም ነው» አለኝ።

ጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኃላፊው እንደገና ስብሰባ ጠሩ። ያን ዕለት የመጣው ሰው ብዙ ነበር፤ ከበየዳ የተመለሰውም ሳይቀር መጥቷል። ሰዉ ሁለተኛ ውይይት መስሎት ነው የመጣው። ኃላፊው ተነሥተው ወረቀቱን ዘረጉና አነበቡ። መስኩ ለምርምር ጣቢያ መሰጠቱን፣ ይህም የሆነው በሽማግሌያቸው ምርቃት መሆኑን፣ ስለ ትብብራቸውም ምስጋና የሚገባቸው መሆኑን አነበቡ። ያነበቡት የኔን ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንዲት ቃል እንኳ አልነኩም።

ሰው መጀመሪያ የሰማውን አላመነም። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው «ደምለው መረቁ ነው የሚለው?» አለ። ሁሉም ዞሮ አያቸው። እሳቸው ተነሡ። ኃላፊውን አልተሳደቡም፣ አልጮኹም። እኔ አለቃዬ አጠገብ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ አቃፊው ጭኔ ላይ ነው። ወደኔ ዞሩና እንዲህ አሉ፦

«ያን ዕለት የመምህር ታከለ ልጅ ነበረች፤ ስትጽፍም ነበር። እኔ ባልዋሽም ሰው ይዋሻል ይለኛል። እሷ ትናገር። ልጄ፣ ምን ነበር ያልኩት?»

አያችሁ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የመረጡት ምስክር እኔን ነው። ለምን? እንጀራቸውን የበላ ሰው ልጅ ስለሆንኩ ነው። እሳቸው ከዚያ የበለጠ ምስክር ሊኖር ይችላል ብለው አላሰቡም።

እኔስ ምን አደረግኩ? ወደ አቃፊዬ አጎነበስኩ። ውስጡ ምንም የሚነበብ አልነበረም፤ የስብሰባው መርሐ ግብርና ባዶ ወረቀት ነው። አለቃዬ በጆሮዬ «አንቀጽ ዘጠኝ» አለኝ። ቀልድ አይደለም፣ እንዲያ ነው ያለኝ። የገዛ መመሪያዬን ለኔው ጠቀሰልኝ። እውነቱን ለመናገር እሱ ባይለኝም ይኸው አንቀጽ ቀድሞ መጥቶልኝ ነበር። ኃላፊ በተገኘበት መድረክ፣ የተነበበ ጉዳይ፣ በቦታው ማረም አይቻልም። ቃል በቃል ለዚያች ሰዓት የተጻፈ ይመስል ነበር። መምህሩን ዝም ለማሰኘት የገመድኩት ገመድ እኔኑ አሰረኝ ብል ታዝኑልኛላችሁ። አትዘኑ። ገመዱ በዚያች ሰዓት አመቸኝ። ዝም ማለት ፈልጌ ነበር፤ ዝም በይ የሚል ወረቀት አገኘሁ።

ጋሽ ደምለው ጠበቁ። ምን ያህል እንደጠበቁ አላውቅም። ነፋሱ የሰዉን ጋቢ ያንቀሳቅስ ነበር፤ ሕፃን አለቀሰ፣ እናቱ አባበለችው። ከዚያ እሳቸው «መልካም» አሉና ተቀመጡ። ኃላፊው ምስጋናቸውን ቀጠሉ። ስብሰባው ሲያልቅ ሁላችንም ተነሣን፤ እንደ ልማዱ ወደ እሳቸው አየን። እሳቸው ከተቀመጡበት አልተነሡም። ሰዉ ሳይመረቅ ተበተነ። በዕድሜዬ እንዲህ ሲሆን ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ነው፤ ያስቃልም። መመሪያው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ቅሬታ በጽሑፍ ይቀርባል ይላል። እኔ በሁለተኛው ቀን ጻፍኩ። የተነበበው ቃለ ጉባኤ ከተባለው ጋር እንደማይገናኝ፣ ሽማግሌው ከጥምቀት በኋላ እንመለሳለን እንዳሉ፣ ምርቃቱ የመሸኛ እንደሆነ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ጻፍኩ። ግሩም ደብዳቤ ነው፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ለማን ነው የሚቀርበው? ለግንኙነት ቢሮው። ግንኙነት ቢሮው ማን ነው? እኔ። ስለዚህ ደብዳቤውን ራሴ ተቀበልኩት፤ ገቢ ብዬ ቁጥር ሰጠሁት፣ ማኅተም መታሁበት። ቢሮው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ያስተላልፋል ይላል። ቢሮው አስፈላጊ ሆኖ አላገኘውም። ፋይል ውስጥ አስገብቼ መሳቢያውን ቆለፍኩ። ዛሬም እዚያው አለ። ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም እኔ ነበርኩ፤ ፍርዱንም ለራሴ ፈረድኩ። ያን ዕለት ማታ ተኝቼ ያደርኩት በደንብ ነው። የሚገባኝን አድርጌአለሁ ብዬ አምኜ ነበር።

መስኩ በሽቦ ታጠረ። ሰዉ ከብቱን ግማሹን ሸጠ። ይህ ሁሉ ከባድ ነው፤ ግን መንግሥት ወሰደ፣ ዩኒቨርሲቲ ወሰደ ይባላል፤ ሰዉ እንዲህ ያለውን ችሎ ያውቃል። ያልቻለው ሌላ ነው። ወረቀቱ ላይ መርቆ የሰጠ ሰው ስም አለ። «ደምለው መርቆ ሰጠው» ተባለ። ትናንት «አሉ፣ መጡ፣ ተነሡ» ሲላቸው የነበረ ሰው «ሰጠው» አለ። ለምን እንደሰጡ የሚያስረዳ ወሬም አልጠፋም። ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ ሊያስቀጥሩ ነው የሚል አለ፣ ኃላፊው በሬ ገዝቶላቸዋል የሚል አለ። ደባርቅ ገበያ የማገኛት አንዲት የመንደሩ ሴት እህል እየሰፈረች ይህን ሁሉ እንደ ተራ ወሬ ትነግረኝ ነበር። እኔ «ይገርማል» እያልኩ ገብሴን አሰፍራለሁ። ይገርማል አልኩ። ያ ቃል ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ለሽምግልና የሚጠራቸው ጠፋ። አንድ ዓመት የጎረቤታቸው ልጅ ሲዳር ሽማግሌ ሲላክ እሳቸው ሳይጠሩ ቀሩ። ወሰን የተጋፉ ሰዎች ወደ ሌላ ሽማግሌ ሄዱ። ሴትዮዋ እንደነገረችኝ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ቤታቸው ይገባሉ፤ በቃ። ሚስታቸው ካረፈች በኋላ ቤታቸውን ዘግተው አዲ አርቃይ ያለች ሴት ልጃቸው ጋ ወረዱ። ሰባ ዓመት ሙሉ ውርጭ የለመደ ሰው ቆላ ወረደ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ በየዓመቱ አውጥቼ ሳየው ዱቄት ይረግፈዋል። በየዓመቱ የማየው ደግሞ በግዴ ነው። ለአዲስ ሠራተኞች መመሪያውን የማሠለጥነው እኔ ነኝና። አዳራሹ ፊት ቆሜ አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ የሆነ ሰው እጁን ያወጣል። ባለፈው ያወጣችው አንዲት የሕግ መምህርት ናት። «የተነበበው ነገር ውሸት ከሆነስ?» አለችኝ። እኔም «በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለቢሮው ታቀርቢያለሽ» አልኳት። «ቢሮው ካላስተላለፈስ?» አለች። «ቢሮው አስፈላጊ ሆኖ ካላገኘው አያስተላልፍም» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቢሮዬ ገብቼ በሩን ቆለፍኩና የተቆለፈውን መሳቢያ እያየሁ ተቀመጥኩ። ከዚህ ቢሮ እንዳልወጣ ደመወዙ አለ፤ ወጥቼ እንዳልናገር መመሪያው አለ፤ መመሪያውን እንዳልቀይር ለምን ተቀየረ የሚል ጥያቄ አለ፤ ጥያቄው ደግሞ የሚያደርሰው ወደ መሳቢያው ነው። ልጆች አሉኝ ልል ነበር። ጋሽ ደምለውም ልጆች አሏቸው።

ከዚያ ሥልጠና በኋላ በመጣው ቅዳሜ ወደ አዲ አርቃይ ወረድኩ። ለባሌ ለቅሶ ቤት ልሄድ ነው አልኩት፤ ይህም ሌላ ውሸት ነው። ከደባርቅ ሚኒባስ ይዤ ሊማሊሞን ስወርድ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ከዚያም ሙቀቱ እየበረታ ሄደ። ጋሽ ደምለውን ያገኘኋቸው የልጃቸው ሱቅ በር ላይ፣ ጥላ ሥር፣ አነስተኛ ዱካ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው። ጋቢ አልለበሱም። ያለ ጋቢ አይቻቸው አላውቅም ነበርና ትከሻቸው እንዲያ ጠባብ መሆኑን ያን ዕለት አወቅኩ። አወቁኝ። «የመምህር ታከለ ልጅ» ብለው ተነሥተው ሳሙኝ። ልጃቸው ምሳ አቀረበች፤ የማሽላ እንጀራ ነው። እሳቸው እንደ ድሮው አጎረሱኝ። እኔ ልናገር የመጣሁት ሴት የሳቸውን ጉርሻ እያላመጥኩ ነበር።

ከምሳ በኋላ «ጋሼ፣ ያን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ከዚያ ሁሉ ሰው እስክሪብቶ ይዘሽ የነበርሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቆለፍኩበትን ነገር እሳቸው የዚያኑ ዕለት ያውቁት ነበር። ያን ዕለት ሲጠይቁኝም እያወቁ ነው የጠየቁኝ። ሊያጋልጡኝ እንዳይመስላችሁ። በሩን ሊከፍቱልኝ ነበር። እንድመልሰው፣ ራሴው ያበላሸሁትን ራሴው እንዳቀና ቦታ ለቀቁልኝ። ይህን የተረዳሁት እዚያ ዱካ አጠገብ ነው።

ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። «ጽሕፈቱስ የሥራ ነው፣ ታዝዛ ነው አልኩ። ዝም ማለትሽን ግን ምን ልበለው?» አሉኝ። መልስ አልጠበቁም። ቀጥለው «አሁን እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። መስኩን አይደለም፤ እሱ ሄዷል። ሄደሽ ለሰዉ ንገሪልኝ። ደምለው እንመክራለን ነው ያለው በያቸው። እዚህ ቆላ ከምሞት አገሬ ገብቼ፣ ሰው ሽማግሌ ብሎ ይቅበረኝ» አሉ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ይህ ከሆነ አምስት ወር አልፎታል። መንደሩ ከቢሮዬ ሩቅ አይደለም፤ በመኪና አንድ ሰዓትም አይፈጅ። እስካሁን አልሄድኩም። አንድ ጊዜ አስፋልቱ ዳር ከሚኒባስ ወርጄ ወደ ውስጥ የሚያስገባውን መንገድ አይቼ በሌላ ሚኒባስ ተመለስኩ። ቃለ ጉባኤው ሐሰት ነው ብዬ ሕዝብ ፊት ከቆምኩ የሚሆነውን አውቃለሁ፤ ሥራዬ ይሄዳል፣ ምናልባትም እከሰሳለሁ። ይህን የጻፍኩት ለእናንተ መሆኑንም አውቃለሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ለማታውቋቸው ሰዎች ስለማታውቁት መንደር መናገር ቀላል ነው። የሚከብደው እዚያ ሽቦው አጠገብ ቆሞ፣ ያቺ ገብስ የምትሰፍርልኝ ሴት እያየችኝ መናገር ነው። ታዲያ ይህ ኑዛዜ ነው ወይስ ያንኛውን ደብዳቤ ሁለተኛ ጊዜ ለራሴ መጻፌ ነው? አላውቅም። ብትፈርዱብኝ አልከራከርም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ልሄድ ስነሣ ጋሽ ደምለው አብረውኝ ተነሡ። ያን ዕለት ሳይመረቅ የተበተነው ስብሰባ ትዝ አለኝና እንዳይተዉኝ ፈራሁ። አልተዉኝም። እዚያ ሙቀት ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው «መንገድሽን ያቅናልሽ። ክፉ አይንካሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ» አሉ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ «አሜን» አልኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ሙሉ መንገዱን አለቀስኩ፤ አጠገቤ የነበረች ሴት ለቅሶ ደርሼ የተመለስኩ መስሏት አጽናናችኝ። ልቤ መረቁኝ፣ ይቅር አሉኝ ሊል ፈልጎ ነበር። እኔ ግን የዳባት ልጅ ነኝ፤ እንግዳ ባዶውን እንደማይሸኝ አውቃለሁ። ጋሽ ደምለው መርቀውኛል። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ይህን ግን በትክክል ጽፌዋለሁ።